የፈንገሱ ቀጠሮ

ማሳውን ሞልቶት የነበረ ተባይ ማንም መድኃኒት ሳይረጭበት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲያልቅ ያዩ ገበሬዎች በየዘመኑ ኖረዋል። ቅጠሉ ሥር የሚቀረው ሻጋታ የለበሰ፣ ደርቆ የተጣበቀ በድን ብቻ ነው። ገዳዩ ፈንገስ ነው። ይህን ፈንገስ አብዛኞቻችን የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው፤ አንዱ ስለ ሐር ትል በሽታ አንብቧል፣ ሌላው በአንበጣ ላይ ስለሚረጨው ሥነ ሕይወታዊ መድኃኒት በዜና ሰምቷል። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ አንድ ወጥ ታሪክ ይወጣቸዋል። ፈንገሱ ተባይ መግደል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መልስ አግኝቷል። ተመራማሪውንም ገበሬውንም ከመቶ ዓመት በላይ ያንከራተተው መቼ ይገድላል የሚለው ነው። እኔ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፦ ሰዎች በሽታውን በፈለጉት ቀን ለማምጣት በታገሉባቸው ዘመናት ያተረፉት ጥቂት ነው፤ የሚመጣበትን ጊዜ አጥንተው የራሳቸውን ሥራ በዚያ ልክ ማስተካከል ሲጀምሩ ግን ፈንገሱ የሚታመን አጋር ሆነላቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1835–1884፦ ከሐር ትል ቤት እስከ ስንዴ ማሳ

ታሪኩ የሚጀምረው ሰው ሊያጠፋው ከሚፈልገው ሳይሆን ሊያቆየው ከሚደክምለት ትል ነው። በሰሜን ጣልያን የሐር ትል አርቢዎችን ያራቆተ አንድ በሽታ ነበር። ትሎቹ ይደርቃሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ከሞቱ በኋላም ኖራ የተነሰነሰባቸው መስለው ይነጣሉ። በሎዲ አቅራቢያ ይኖር የነበረው አጎስቲኖ ባሲ ነገሩን ከሃያ ዓመት በላይ ሲመረምር ቆይቶ፣ በሽታውን የሚያመጣው ከትል ወደ ትል የሚተላለፍ ሕይወት ያለው ፈንገስ መሆኑን በ1835 ባሳተመው ሥራ አሳየ። ይህ የሆነው ሉዊ ፓስተርና ሮበርት ኮኽ ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ከማስረዳታቸው አሥርተ ዓመታት ቀድሞ ነው። ፈንገሱም ዛሬ በእሱ ስም ቦቬሪያ ባሲያና ይባላል። ባሲ የፈለገው በሽታውን ማገድ ነበር። ይሁንና ጠቃሚውን ትል የሚጨርስ ፈንገስ መኖሩ አንዴ ከታወቀ፣ ጎጂውንስ የሚጨርስ አይኖርም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መምጣቱ አይቀርም ነበር።

ጥያቄውን ወደ ማሳ ያወረደው በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ በኦዴሳ ዙሪያ ያለውን ስንዴ አንድ ጥንዚዛ እያወደመው ነበር። ሜችኒኮፍ ከጥንዚዛው ትሎች መካከል አረንጓዴ ሻጋታ የለበሱ በድኖችን አገኘ፤ ዛሬ ሜታሪዚየም የምንለው ፈንገስ ነው። ይህን ፈንገስ በቢራ ድፍድፍ ላይ አሳድጎ ወደ ማሳ መመለስ ይቻላል የሚል ሐሳብም አቀረበ። ፈለጉን የተከተለው ክራሲልሽቺክ በ1884 በዩክሬኗ ስሜላ አነስተኛ ማምረቻ አቋቁሞ በአራት ወር 55 ኪሎ ግራም ስፖር፣ ማለትም የፈንገሱን የዘር ብናኝ፣ አመረተ። ለስኳር በሚተከለው ቀይ ሥር ላይ ጉዳት ያደርስ በነበረው ነቀዝ ላይ ሲበተንም ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንደሞተ ዘገበ። ፈንገስን እንደ እህል መዝራት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሥቶ አትላንቲክን ተሻገረ።

ሐሳቡ ምን እንደዘለለ ለማየት የበሽታውን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ተባዩን የሚያጠቁ ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች በአብዛኛው በአፍ መግባት አለባቸው። ፈንገሱ ግን መበላት አያሻውም። ስፖሩ የተባዩ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይበቅላል፣ ቆዳውን በሚያመነጨው ኢንዛይም እያሟሟና እየገፋ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሰውነቱ ውስጥ ተራብቶ ተባዩን እንደ ፈንገሱ ዓይነትና እንደ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ደግሞ ሌላ እርጥብ ሌሊት ይጠብቃል። አየሩ ከረጠበ ፈንገሱ ከበድኑ ወጥቶ አዲስ ስፖር ያፈራል፤ ከደረቀ በድኑ እንደደረቀ ይቀራል፣ ሰንሰለቱም እዚያ ላይ ይበጠሳል። ስፖሩ ሌላ ተባይ እንዲያገኝም ተባዩ ተቀራርቦ መኖር አለበት። ስለዚህ ወረርሽኙ የሚነሣው ፈንገሱ በመኖሩ ብቻ አይደለም፤ እርጥበት፣ የተስማማ ሙቀትና ብዙ ተባይ በአንድ ወቅት ሲገጣጠሙ ነው። የስሜላው ማምረቻ የተቆጣጠረው ከእነዚህ አንዱን እንኳ አልነበረም። ያመረተው በብዙ ማሳ ውስጥ ቀድሞ የነበረውን ነገር ነው።

1888–1911፦ የካንሳስ ሳጥኖች

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የስንዴና የበቆሎ ገበሬ የሚፈራው ቺንች ባግ የሚባል፣ ከእህል ፍሬ የሚያንስ፣ ጥቁር ሰውነትና ነጭ ክንፍ ያለው ተባይ ነበር። በጸደይ ስንዴ ውስጥ ይራባል። ስንዴው ደርቆ ሲታጨድ ገና ክንፍ ያላወጡት ልጆቹ በእግራቸው ወደ አጎራባች በቆሎ ተሻግረው የአገዳውን ፈሳሽ እየመጠጡ ያደርቁታል። ድርቅ ይስማማዋል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ግን ከቅጠሉ ሥርና ከመሬቱ ስንጥቅ ነጭ ሻጋታ የለበሱ በድኖቹ በብዛት ይገኛሉ።

በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር የሆነው ፍራንሲስ ስኖው ይህን ነጭ በሽታ ለገበሬ ማከፋፈል ጀመረ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በጀት መደበለት። አሠራሩ ቀላል ነበር። ገበሬው ከማሳው የሰበሰባቸውን ሕያው ተባዮች በፖስታ ይልካል፤ ከላቦራቶሪው የታመሙና የሞቱ ይላኩለታል፤ እነዚህን ከጤነኞቹ ጋር እርጥብ በተደረገ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ካቆየ በኋላ ማሳው ላይ ይበትናቸዋል። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ሳጥኑን ተቀበሉ። ብዙዎቹም ተባዩ ሞተልን፣ በቆሏችን ተረፈ ብለው መለሱ። ኢሊኖይና ሚኒሶታም ተመሳሳይ ሙከራ ያደርጉ ነበር። ስኖው ሆን ብሎ ያጭበረበረ ሰው አልነበረም፤ የሚያየውን ውጤት በየዓመቱ በዝርዝር ያትም ነበር።

ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳተ? ሳጥኖቹ የሚላኩት ተባዩ ሲበዛ ነው፤ ይህም ፈንገሱ ራሱ የሚፈልገው ሁኔታ ነው። ሳጥኑ ማሳ በደረሰበት ሰሞን ዝናብ ከጣለ ተባዩ ይሞታል፤ ገበሬውም ያመሰገነው ሳጥኑን ነው። ዝናቡ ከቀረ ተባዩ ይተርፋል፣ ጥፋቱም በአየሩ ይላከካል። ሳጥን ያልደረሰው የጎረቤት ማሳ ምን እንደሆነ አጥብቆ የጠየቀ አልነበረም። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ በእሱ ምክንያት መጣ የሚል ግምት በእርሻ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ገበሬ ያሳመነበት አጋጣሚ ብዙ አይመስለኝም።

ያንን የጎረቤት ማሳ ፈትሸው ያዩት ቢሊንግስና ግሌን ናቸው። በ1911 በአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር በኩል የታተመው ጥናታቸው ፈንገሱ ሳጥን በደረሰውም ባልደረሰውም ማሳ በተፈጥሮ እንደሚገኝ፣ ሰው የሚጨምረው ስፖርም በሽታውን ይህ ነው በሚባል መጠን እንደማያፋጥነው ደመደመ። ወሳኙ እርጥበት ነው። በሽታው በማይታይበት ማሳ የጠፋው ፈንገሱ ሳይሆን የተስማማው ጊዜ ነው።

ከዚህ ግኝት ሁለት ትምህርት መውሰድ ይቻል ነበር። አንደኛው ፈንገስ ለገበሬ አይረባም የሚል ነው፤ አብዛኛው የዘመኑ ባለሙያ የወሰደው ይህን ነው፤ የሳጥኑ ሥራም ተዘጋ። ሁለተኛው ደግሞ ፈንገሱ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለውና እሱን እናጥና የሚል ነው። አየሩ ከወሰነ ገበሬው ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ክብደት ያለው ይመስላል፤ ግን ዝናብን ማዘዝ አለመቻልና በዝናብ መሠረት ማቀድ አለመቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚዘራበትን ቀን ከዝናብ ጋር የሚያስማማ ገበሬ፣ መድኃኒት የሚረጭበትንና የሚያጭድበትን ቀንም ከዝናብ ወለድ በሽታ ጋር ማስማማት አያቅተውም። የጎደለው መረጃ ነበር። መረጃውን የሚሰበስብ ትዕግሥት ግን በዚያ ዘመን አልተገኘም፤ ወዲያውም ነገሩን ጨርሶ የሚያስረሳ ነገር መጣ።

1945–1976፦ መርዙ ፈንገሱንም ሲያገኘው

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲና ተከታዮቹ ገበያ ሲገቡ የመቼ ጥያቄ ትርጉም ያጣ መሰለ። በዕለቱ የሚገድል፣ ዝናብም የተባይ ብዛትም የማይጠብቅ ኬሚካል ለያዘ ገበሬ የፈንገስ ወቅት ምኑ ነው? ኤድዋርድ ስታይንሀውስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳትን በሽታዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ለማድረግ በሚጥርበት በዚያው ጊዜ፣ እርሻው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ መርጫው አዙሮ ነበር። ጥያቄው የተመለሰው ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት በኩል ነው።

በ1971 ከሚኒሶታ የወጣ ጥናት ድንችን ከቅጠል በሽታ ለመጠበቅ የሚረጩ ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች ክሽክሽ እንዲበዛ እንደሚያደርጉ አሳየ። ክሽክሹ የድንች ቅጠልን የሚጠቀልል ቫይረስ ያስተላልፋል፤ ለዘር የሚመረት ድንችን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በ1840ዎቹ አየርላንድን በረሃብ የፈጀው የድንች በሽታ የሚስፋፋው ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት ርሶ ሲቆይ ነው። ክሽክሹን የሚገድለው ፈንገስ የሚፈልገውም ያንኑ የራሰ ቅጠል ነው። ሰማዩ ሲደምን ገበሬው ለድንቹ ብሎ ይረጫል፤ መርጫው ክሽክሹን የሚጨርሰውን ፈንገስ የሚያገኘው በዓመቱ ውስጥ ሥራ ሊሠራ በተነሣበት በዚያው ሳምንት ነው። ገበሬው አጋሩን ሳያውቀው ገደለ፤ ቀጥሎ ለክሽክሹ ሌላ መድኃኒት መግዛት ግድ ሆነበት።

በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የአኩሪ አተር ማሳዎች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በበጋው መጨረሻ አባጨጓሬውን ነጭ አልብሶ፣ ቀጥሎም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ብናኝ አፍርቶ የሚገድል ኖሙሪያ የሚባል ፈንገስ አለ። በ1976 የታተመ ጥናት ቤኖሚል የተባለው ፀረ ፈንገስ በተረጨበት ማሳ ይህ በሽታ እንደሚዳከምና አባጨጓሬው እንደሚበዛ አረጋገጠ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሰሜን ካሮላይና የተደረገ ሙከራ ደግሞ በበሽታው የሞቱ አባጨጓሬዎችን ማሳ ላይ ቀድሞ በመበተን ወረርሽኙን ሁለት ሳምንት ያህል ማስቀደም እንደሚቻል አሳይቷል። ሥራው ላይ ላዩን ሲታይ የስኖውን ሳጥን ይመስላል። ጥያቄው ግን ተለውጧል። ስኖው በሽታው ከሌለበት በሽታ ሊያመጣ ፈልጎ ነበር፤ እነዚህ የተነሡት በሽታው በየዓመቱ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚመጣም አውቀው ነው፤ የፈለጉትም ቀኑን ማሳጠር ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት አኩሪ አተሩ ዛላ የሚይዝበትን ጊዜ ሊያድን የሚችል ርዝመት ነው።

1973–1982፦ አልፋልፋውን ቀድሞ ማጨድ

በፈንገሱ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ ከባዱ በሽታው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል የሚለው ነው። ወረርሽኝ እንዲነሣ ተባዩ አስቀድሞ መብዛት አለበት፤ ተባዩ ከበዛ ደግሞ ሰብሉ ተበልቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ለዚህ ተቃውሞ የተሻለውን መልስ የሰጠው የከብት መኖ የሆነው አልፋልፋ ነው።

የአልፋልፋ ነቀዝ ከአሮጌው ዓለም ወደ ሰሜን አሜሪካ የገባ ተባይ ነው። ትሉ በጸደይ ለጋውን ጫፍ ይበላል፤ ከዓመቱ ምርት ሁሉ የመጀመሪያውን አጨዳ ይበልጥ የሚጎዳውም በዚህ ነው። በ1973 በካናዳዋ ኦንታሪዮ ትሎቹን የሚፈጅ ፈንገስ ተገኘ፤ የነቀዙም ቁጥር አሽቆለቆለ። ፈንገሱ ክረምቱን የሚያሳልፈው ቅርፊተ ወፍራም በሆነ የዕረፍት ስፖር መልክ አፈር ውስጥ ነው፤ ጸደይ ሲሞቅና ሲረጥብ የመጀመሪያዎቹን ትሎች ይይዛል፣ ከዚያ ከትል ወደ ትል ይዛመታል። ብዙ ጊዜ ታዲያ ወረርሽኙ የሚደርሰው ገበሬው ሊያጭድ ሲቃረብ ወይም ካጨደ በኋላ ነው፤ ማለትም ተቃውሞው ትክክል ነበር።

ብራውንና ኖርዲን የተባሉ ሁለት የኬንታኪ ተመራማሪዎች በ1982 ያቀረቡት ሐሳብ ግን ነገሩን ከሌላ ጎን ያየ ነው። በሽታውን ማስቸኮል ካስቸገረ አጨዳውን እናስቀድመው አሉ። አልፋልፋው ከተለመደው ቀን ቀደም ብሎ ሲታጨድ ትሎቹ ከአገዳው ላይ ይረግፉና በተከመረው እርጥብ ሣር ሥር ይሰበሰባሉ። እዚያ ጥላ፣ ሙቀትና እርጥበት አለ፤ በሰፊው ማሳ ተበትነው የነበሩት ትሎችም እርስ በርስ ተጠጋግተዋል። ፈንገሱ የሚፈልገው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሟላለት። ወረርሽኙ ይነሣል፣ ከአጨዳው በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠልም ከትል ይተርፋል፤ የመጀመሪያው ምርት ደግሞ አስቀድሞ ገብቷል። አንዲት ኪሎ ስፖር ሳይመረት፣ አንድ ሳጥን ሳይላክ፣ ማጭዱ ብቻ በሽታውን ወደፊት ሳበው። ጸደዩ ደረቅ ከሆነ ወይም ትሉ ጥቂት ከሆነ አይሠራም፤ ስለዚህ ገበሬው ከማጨዱ በፊት ማሳውን መቁጠር ነበረበት። ይህ መቁጠር ነው በቀጣዩ ዘመን ዋናው መሣሪያ የሆነው።

ከ1989 በኋላ፦ በአልኮል ብልቃጥ የሚላክ ጥጥ ክሽክሽ

በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ደቡብ የጥጥ ገበሬዎች አዲስ ራስ ምታት ገጠማቸው። ለሌሎች ተባዮች የሚረጩት ኬሚካሎች የክሽክሹን ጠላቶች ስለፈጁ፣ ክሽክሹም ለብዙ መድኃኒት ስለተላመደ የጥጥ ክሽክሽ ከቁጥጥር ውጭ ሆነ። ሴቷ ያለ ወንድ፣ እንቁላል ሳትጥል ሕያው ልጅ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በአንድ ሳምንት ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። ከሰውነቷ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ የፈነዳውን ጥጥ ያጣብቀዋል።

በ1989 አርካንሳስ ውስጥ ኒዮዚጋይትስ የሚባል ፈንገስ እነዚህን ክሽክሾች ሲፈጅ ተገኘ። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ስታይንክራውስና ባልደረቦቹ በየዓመቱ ሲከታተሉት ወረርሽኙ በአብዛኛው በሐምሌ አጋማሽ እንደሚደርስ አስተዋሉ። የሚሠራበትን ሰዓትም ሳይቀር ለዩት። የሞተው ክሽክሽ በቅጠሉ ሥር እንደተጣበቀ ይቀራል፤ ሌሊት ጤዛ ሲወርድ ፈንገሱ ከበድኑ ወጥቶ ስፖሩን ወደ አየር ይወረውራል። በጥጡ ላይ ያለው አየር በስፖር የሚሞላው በተለይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የተወረወረው ስፖር ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ ከራሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ዘንግ ያቆምና ጫፉ ላይ ሁለተኛ ስፖር ያፈራል። በሽታውን የሚያስይዘውም ይህኛው ነው፤ ዘንጉ ላይ ቆሞ በአጠገቡ በሚያልፍ ክሽክሽ እግር ወይም አንቴና ላይ ይጣበቃል። ቀን ቀን ማሳውን የሚዞር ገበሬ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያይም።

የማይታየውን ለገበሬ ለማሳየት በ1993 አንድ የምርመራ አገልግሎት ተጀመረ። ገበሬው ወይም አማካሪው ክሽክሾችን በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ ይልካል፤ ላቦራቶሪው አንድ በአንድ በመስታወት መካከል ጨፍልቆ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ከተመረመሩት ውስጥ በፈንገሱ የተያዙት 15 በመቶ ከደረሱ ክሽክሹ በአንድ ሳምንት ገደማ እንደሚያሽቆለቁል ይጠበቃል፤ ገበሬውም መርጫውን እንዲያቆይ ይመከራል። የስኖው ሳጥን በተጓዘበት የፖስታ መንገድ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ዕቃ ሄደ ማለት ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ለገበሬው የተመለሰለት ስፖር አልነበረም፣ ቀን ነበር። ሊከሰት አንድ ሳምንት በቀረው ነገር ላይ ገንዘብ አውጥቶ ከመርጨት አዳነው፤ ባለመርጨቱም ሌሎቹ የክሽክሽ ጠላቶች ተረፉለት።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ፈንገሱ በየዓመቱ በሚመጣበት አካባቢ ብቻ ነው የሚል ሰው እውነቱን ነው። ፈንገሱ ደረቅ በጋ ወዳለው የካሊፎርኒያ ጥጥ አብቃይ ሸለቆ ተወስዶ ተለቅቆ ነበር፤ ጥቂት ክሽክሾችን ቢይዝም ወረርሽኝ አላስነሣም። እኔ ግን ይህን ለክርክሬ እንደ ድጋፍ ነው የማየው። ወቅቱ የአገሩ እንጂ የፈንገሱ ብቻ ስላልሆነ፣ የአርካንሳስን የቀን መቁጠሪያ ለሌላ አገር ማበደር አይቻልም። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን መቁጠር አለበት።

2001–2020፦ የአኩሪ አተር ዋግና የበረሃ አንበጣ

ትምህርቱ ባልተወሰደበት ቦታ ስሕተቱ ተደገመ። በ2001 የእስያ አኩሪ አተር ዋግ ብራዚል ገባ። ዋጉን ለመከላከል በየወቅቱ ደጋግሞ ፀረ ፈንገስ መርጨት ግዴታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ቀድሞ ብዙም የማያሳስብ የነበረ ቅጠል በል አባጨጓሬ ከዋነኞቹ ተባዮች ተርታ ገባ፤ ተመራማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱም መርጫው ያንኑ የኖሙሪያ ፈንገስ ማዳከሙ ነው። በ1976 በአሜሪካ ማሳ የታየው ነገር በብዙ ሚሊዮን ሄክታር ላይ ተመለሰ። ዋጉን መተው አይቻልም ነበር፤ ያለ መርጫ ሰብሉ ይጠፋል። ፈንገሱን የማይጎዳ መድኃኒት መምረጥና የሚረጭበትን ቀን ማጥበብ ግን ይቻላል። የመርጫ መርሐ ግብር ሲወጣ አባጨጓሬውን የሚገድለው ፈንገስ በሒሳብ አለመግባቱ ያሳዝነኛል፤ ዕውቀቱ ለ25 ዓመት ታትሞ ተቀምጦ ነበርና።

ከዚያ ቀደም ብሎ የእኔን ክርክር የሚያፈርስ የሚመስል ሥራ ደግሞ በአፍሪካ ተሠርቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከደረሰው የበረሃ አንበጣ መቅሠፍት በኋላ ሉቢሎሳ የተባለ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ከ1989 ጀምሮ ለአንበጣ የሚሆን የሜታሪዚየም ዝርያ አዘጋጀ። የፕሮጀክቱ ትልቁ ግኝት ዘይት ነው። በዘይት የተበጠበጠ ስፖር ደረቅ በረሃ ላይም ከአንበጣው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ይበቅላል፤ ዝናብም ጤዛም አይጠብቅም። ታዲያ የካንሳስ ሕልም እውን አልሆነም ወይ? ሰው ፈንገሱን በፈለገበት ቀን ማምጣት አልቻለም ወይ?

በከፊል ችሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዘይቱ የእርጥበትን ቁልፍ ከፍቷል። የጊዜ ቁልፉ ግን እንዳለ ነው። ይህ መድኃኒት የሚገድለው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለ ጊዜ ነው። አንበጣው ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ የሰውነቱን ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከፍ ሲያደርግ ፈንገሱ ማደግ ያቆማል፤ ስለዚህ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ የሞቱን ቀን ያቀርበዋል ወይም ያርቀዋል። እየበረረ ማሳ ላይ ለወረደ መንጋ ይህ ፍጥነት አይሆንም። መንጋው በማግሥቱ ሌላ ወረዳ ነው።

የ2019 እና የ2020 ወረራ ይህን በአፍሪካ ቀንድ አሳይቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2020 የወጣ የጋራ ግምገማ ወደ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ የሰብል መሬት መጎዳቱን ገልጿል። መንጋው የአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ከደረሰ በኋላ በአውሮፕላንና በመኪና የተረጨው ኬሚካል ነበር፤ በዚያ ሰዓት ፈንገስ ይረጭ የሚል ሰው ትክክል አይሆንም ነበር። ሶማሊያ ግን በመፈልፈያው ምድር ገና መብረር ባልጀመረው ኩብኩባ ላይ ሜታሪዚየምን በስፋት ተጠቅማለች፤ ለግጦሹና ለከብቱ የማይተርፍ መርዝ በመሆኑም ለአርብቶ አደር አገር የተመቸ ነበር። አንዱ ፈንገስ በአንድ ወረራ ውስጥ በአንዱ ደረጃ ጥቅም አልባ፣ በሌላው ደረጃ ተመራጭ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው የአንበጣው ዕድሜ ነው።

ሒሳቡን ማስላት ይቻላል። የበረሃ አንበጣ ዝናብ ባራሰው አሸዋ ውስጥ የጣለው እንቁላል በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ አምስት ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። ፈንገሱ እስከ ሦስት ሳምንት ከወሰደ፣ መረጨት ያለበት ከተፈለፈለ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከዚያ የዘገየ ርጭት በልቶ የሚሞት ሳይሆን በርሮ ሄዶ የሚሞት አንበጣ ያገኛል። ይህ ጠባብ መስኮት የሚከፈተው መንገድ በሌለበት፣ ብዙ ጊዜም ጸጥታ በማይታመንበት ቆላ ነው። ስፖሩም ሕይወት ያለው ነገር ነውና መጋዘን ውስጥ እንደ ኬሚካል ዓመታት አይከርምም፤ መመረት፣ በቅዝቃዜ መቀመጥ፣ ወደ መፈልፈያው ቆላ መጠጋት አለበት። ስለዚህ የግዢው ትዕዛዝ መፈረም ያለበት ዝናቡ ከመጣሉ ከወራት በፊት፣ በአገሩ አንድም አንበጣ በማይታይበትና ማንም ስለ አንበጣ በማያስብበት ጊዜ ነው።